ጋሽ ይርዳውን የቀበርኩበት ውሸት

የእድራችን ለፋፊ ደሳለኝ ማለዳ በሬን ሲያንኳኳ ሰው እንደሞተ አወቅኩ። ደሳለኝ ለሌላ ጉዳይ የማንንም በር አያንኳኳም።

«ጋሽ ይርዳው ዐረፈ» አለኝ።

ሌላ ጊዜ መርዶውን ነግሮኝ፣ የቀብሩን ሰዓት ጠይቆ፣ ወዲያው ወደ መንገድ ይወጣ ነበር። ያን ቀን ግን ድምፅ ማጉያውን በብብቱ እንደያዘ ደጃፌ ላይ ቆመ። ምን እንደሚጠብቅ ጠየቅኩት።

«ቀብሩን የት ብዬ ልልፈፍ?»

ላፍቶ ያለው የእኛ እድር የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው፤ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም በአንድ ድንኳን ነው የሚያለቅሰው። ደሳለኝ በየመንገዱ የሚለፍፈው ሦስት ነገር ነው፦ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና የቀብሩን ቦታ። ቦታው ሲጠራ የሟቹ ሃይማኖት አብሮ ተጠራ ማለት ነው። እኔ ያኔ የእድሩ ሰብሳቢ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ስሙን ብቻ ተናገር፣ ቦታውን ከሰዓት በፊት እነግርሃለሁ አልኩት።

«እንዲህ ተብሎ ተለፍፎ ያውቃል?» አለኝ።

አያውቅም ነበር።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። በቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ያልሆነ ነገር ነበር የጻፍኩት። ያን ቀን መጻፍ የነበረብኝን ዛሬ እጽፋለሁ። ለእሱ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ጋሽ ይርዳው ቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ጎፋ ውስጥ እኔ በርና መስኮት በምበይድበት ግቢ፣ ከግድግዳዬ ወዲያ፣ የብረት መቅረጫ ማሽኑን ተክሎ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቷል። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። የቀኝ እጁን የጠቋሚ ጣት ጫፍ ማሽን ቆርጦበታል፤ ሲያስብ በዚያች ጎደሎ ጣት አገጩን ያሽ ነበር። ሰው ያለቀ ብረት ይዞ መጥቶ ስፋቱን ሲጠይቀው መለኪያውን ከኪሱ ሳያወጣ ቁጥር አይናገርም። ከሠላሳ ዓመት ሥራ በኋላ በዓይንህ አይታይህም ወይ ስለው፣ «በዓይኔ ይመስለኛል። መምሰል ሌላ ነው» ይለኝ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን በጋዜጣ ቁራጭ፣ በመጽሐፍ ቅዱስና ከዚህም ከዚያም በተዋስኳቸው መጻሕፍት ብቻዬን ተማርኩት። እንዲህ አድርጎ የተማረ ሰው ያወቃትን ነገር ጨብጦ ይይዛል፤ ሰው ሲነካበት የሚነጥቁት ይመስለዋል። እኔም ጥያቄ አልወድም ነበር። ቤቴ ውስጥ ጥያቄ የሚጠይቀው እኔ ነበርኩ።

ግቢው ውስጥ የጋሽ ይርዳው ሃይማኖት የምሳ ሰዓት ጨዋታ ነበር። ዓርብ ከእኛ ጋር ሲሆን የጾም ይበላል፤ ከራዲያተር ሠራተኛው ከጀማል ጋር ሲሆን ጀማል ያዘዘውን ይበላል፤ ጾመኛ ነኝም አይልም፣ አይደለሁምም ብሎ አይፎክርም። ጀማል አንድ ቀን ወደ እኔ እየጠቆመ፣ «ጋሽ ይርዳው፣ ከእነ በላይ ወጥተህ እኛም ጋ ካልደረስክ መሀል መንገድ ላይ መኪና ይገጭሃል» አለው።

«ገና አልተሻገርኩም እኮ» አለ ጋሽ ይርዳው። «ጠርዙ ላይ ቆሜ ግራና ቀኝ እያየሁ ነው።»

«ስድሳ ዓመትህን?»

«መንገዱ ሰፊ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በዚያው ቀን ከሃዲ ነህ አልኩት፤ በሰው ፊት። አልተቆጣም። ከሃዲ ማለት እያወቀ የለም ያለ ሰው ነው፣ እኔ አለም የለምም አላልኩም አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው በወጣትነቱ የሆነውን የነገረኝ። በዚያ ዘመን የሚሠራበት ፋብሪካ ካድሬዎች ሠራተኛውን ሰብስበው እግዜር የለም በሉ ሲሏቸው፣ እሱ ተነሥቶ አላውቅም አለ። ሦስት ቀን አስረው ውስጥ እግሩን ገረፉት። «ያኔም አላውቅም ነበር ያልኩት» አለኝ፤ «የሚቆጡት ሰዎች ናቸው የተለወጡት።»

እኔ በዚያ ዘመን እጄን አውጥቻለሁ። ይህን እዚህ ካልጻፍኩ የቀረውም ሐቀኛ አይሆንም። የለም በሉ ሲሉ እጄን አውጥቻለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ጸልያለሁ። ለጋሽ ይርዳው ግን አልነገርኩትም።

ሚስቱ እትዬ አስናቀች ቤተ ክርስቲያን የማትቀር ሴት ነበረች። እሁድ እሁድ ክንዷን ይዞ እስከ በሩ ይወስዳታል። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ትገባለች፤ እሱ ከአጥሩ ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይጠብቃታል። ዝናብ ሲሆን ጃንጥላ ይዘረጋል እንጂ አይገባም፤ አይሄድምም። አጠገቡ ነዳያን ይቀመጣሉ። አንዲት ሴት አንድ ቀን እሱም ነዳይ መስሏት ዳቦ ሰጠችው። ብድግ ብሎ እጅ ነሥቶ ተቀበላት፣ ቆርሶ ለአጠገቦቹ አካፈለና የቀረውን በላ። ወሬው ጎፋ ደርሶ ሳምንት ሙሉ ተሳቀበት። ለምን ነዳይ አይደለሁም አላልካትም ሲሉት፣ «አልጠየቀችኝም። ደግሞ ርቦኝ ነበር» አለ።

ገብተህ ብትቆም ምን ትሆናለህ፣ እሷንስ ደስ አይላትም ወይ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ያለኝን አልረሳሁትም።

«አይላትም፣ በላይ። ሠላሳ ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ ሳስመስል ታውቀኛለች። ውስጥ ገብቼ ብቆም አጠገቧ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ግራ ይገባታል። ውጭ ስቀመጥ ግን ባሏ የት እንዳለ ታውቃለች።»

እትዬ አስናቀች ከሱ ስምንት ዓመት ቀድማ ዐረፈች። የተቀበረችው እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያም በኋላ እሁድ እሁድ እየመጣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ሕዝቡ ሲወጣ ተነሥቶ ሱሪውን አራግፎ ብቻውን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን እያየሁ ስገባና ስወጣ አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ አልተቀመጥኩም።

አንድ ክረምት የእድሩ መዝገብ ዝናብ ገብቶበት ተበላሸና አዲስ ማዘጋጀት ግድ ሆነ። ያኔ ጸሐፊ ነበርኩ። አባላቱ ድንኳን ውስጥ ተሰብስበው በየተራ እየተነሡ ስማቸውን፣ የቤተሰባቸውን ስምና ሃይማኖታቸውን ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ሃይማኖት የሚጠየቀው ለቀብሩ ቦታና ለዕዝን ምግቡ ነው፤ ለሌላ አይደለም። ሆኖም ሰው ስለ እምነቱ ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን ያን ቀን አየሁ። አንዲት አሮጊት የክርስትና ስማቸውን፣ ያጠመቋቸውን ቄስና ታቦቱን ጭምር አስጻፉኝ። ባለ ሱቁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሙስሊም ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ አለ። አንድ ወጣት መምህር ጌታን እንዴት እንደተቀበለ ከመጀመሪያው ሊተርክልን ሲጀምር ከኋላ አንዱ፣ «ወንድሜ፣ ጸሐፊው የሚጽፍበት ቦታ ጠባብ ነው» አለው። ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ጎረቤታችን ከሁሉ ጮክ ብሎ ኦርቶዶክስ ነኝ አለ፤ ሌላ ምን ልሆን ነው ብሎም ዙሪያውን ተቆጣ።

የጋሽ ይርዳው ተራ ደረሰ። «ያንን ባዶ ተወው» አለኝ።

«ባዶ አይተውም፣ ጋሽ ይርዳው። ስትሞት ወዴት እንደምንወስድህ ማወቅ አለብን።»

«እኔም ማወቅ እፈልግ ነበር» አለ።

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። አሮጊቷ ግን አልሳቁም፤ አልተጠመቅክም እንዴ ልጄ ብለው ጠየቁት። በአርባ ቀኔ ተጠምቄያለሁ እማማ፣ ያኔ አልጠየቁኝም፣ አሁን ግን ስለጠየቃችሁኝ አላውቅም እያልኩ ነው አላቸው። እኔ ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ። ልጆች እየሰሙ እንዲህ አይባልም፣ አገር የቆመው በሃይማኖት ነው፣ ሽማግሌ ሰው አርአያ መሆን አለበት እያልኩ ብዙ ተናገርኩ። ጭብጨባም ነበር። ከዚያ ተቀምጬ በስሙ ትይዩ ኦርቶዶክስ ብዬ ጻፍኩ።

በማግሥቱ ጎፋ፣ የብየዳ መነጽሬን አውልቄ ቀና ስል ፊቴ ቆሟል። ምን ብለህ ጻፍክ አለኝ፤ ነገርኩት። ማን ነገረህ አለኝ። ይዤው የሄድኩትን መዝገብ ተቀበለኝ፣ ከኪሱ ማስመሪያ አውጥቶ ቃሉን በቀጥታ መስመር ሰረዘና ከበላዩ በገዛ እጁ «አላውቅም» ብሎ ጻፈ። ፈረመበትም።

«አንተ ስለ ራስህ እምነት ውሸት ቢጻፍ ትሞታለህ» አለኝ። «እኔስ?»

ልጄን ትዕግሥትን በዚያው ሰሞን ያስጠናት ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳ ፊዚክስና ሒሳብ ከብዷት ነበርና ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ቤት ትሄዳለች። ከእኔ የማታገኘውን ከእሱ ስታገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ደግሞም ያናድደኝ ነበር። ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ድንገት፣ «አባዬ፣ እግዚአብሔር መኖሩን አንተ እንዴት አወቅክ?» አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው አልኳት። «እኔ እንጃ። አንዳንዴ እርግጠኛ አይደለሁም» አለች።

በጥፊ መታኋት። ሁለት ጊዜ። እናቷ መሀል ባትገባ ሦስተኛም ነበረ።

ከዚያ በቀጥታ ጎፋ ሄድኩና በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጋሽ ይርዳው ላይ ጮህኩ። ልጄን አበላሸህ፣ ልጅ ስላልወለድክ የሰው ልጅ ትቀማለህ አልኩት። ያ የመጨረሻው ከአፌ ባይወጣ እወድ ነበር። ማሽኑን አጠፋ። ወደ እኔ ዞረ።

«ጠየቀችኝ፤ እኔ አላውቅም አልኳት» አለኝ። «አባትሽ ግን ያውቃል፣ ሂጂና እሱን ጠይቂው አልኳት። ጠየቀችህ?»

ልጄ እውነት ልታገኝ ወደ እኔ ተልካ መጥታ ያገኘችው ጥፊ እንደሆነ እዚያው ገብቶኛል። ገብቶኝም ግን ጥናቱን ከለከልኩ፤ ደጃፉን እንዳትረግጪ አልኳት። ትዕግሥት ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። ቤተ ክርስቲያን ነይ ስላት መጣች፣ ጹሚ ስላት ጾመች፤ ሰው ሃይማኖትሽ ምንድን ነው ሲላት የቤት ቁጥር እንደምትናገር አድርጋ ኦርቶዶክስ ትላለች። እኔ ልጄን አዳንኩ ብዬ ለሰው አወራሁ። አባቶች የሆናችሁ እዚህ ላይ ስሙኝ፤ ልጅ ዝም ሲል ተማረ ማለት አይደለም። ዝም ማለትን ብቻ ነው የተማረው።

ጋሽ ይርዳውን ሳንባው ጣለው። ብዙ ጠያቂ መጣ። ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቹ አልጋውን ከበው ጸለዩለት፤ አመሰገናቸው። አሮጊቷ ጠበል አመጡለት፤ ጠጥቶ፣ «ቀዝቃዛ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው። ጀማል ዱዓ አደረገለት፤ እሱ እጁን ዘርግቶ እስኪጨርስ ጠበቀው። ከሄዱ በኋላ አንዳቸውንም አላማቸውም። እኔም ሄድኩ። ከዚያ ጭቅጭቅ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው።

ስገባ ትዕግሥት አልጋው አጠገብ ተቀምጣ አጥሚት በማንኪያ እያጠጣችው አገኘኋት። ኮሌጅ ጨርሳ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ነበር። ለካ ስከለክላትም ስትመጣ ነው የኖረችው።

ጋሽ ይርዳው ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው አለኝ። ከአስናቀች ጋር ብታደርጉኝ ደስ ይለኛል፣ ሰባት ዓመት ያለፈው መቃብር ይከፈታል አለ። ቀጥሎ ግን እጄን ያዘ።

«ስለ እኔ ያልሆንኩትን አትበሉ። ሁለቱ አብረው ካልሄዱልህ የአስናቀችን ተወው። የትም አድርጉኝ።»

«ለምን እኔን ትለምናለህ?» አልኩት።

«ሌላው ያዝንልኛል፤ ሲያዝንልኝ ይዋሽልኛል። አንተ ደረቅ ነህ፣ በላይ። ደረቅ ሰው ነው የምፈልገው።»

እሺ አልኩት። ትዕግሥት ማንኪያውን እንደያዘች አየችኝ። ከስንት ዓመት በኋላ በአክብሮት ያየችኝ ያን ጊዜ ነበር፤ ተሳስቼ ካልሆነ።

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ቆየ። ደሳለኝ በሬን ያንኳኳው በአሥራ አንደኛው ነው።

ያን ጠዋት የእድሩ ኮሚቴ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ። ኦርቶዶክስ ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን አይቀበለንም ተባለ። ፕሮቴስታንቶቹ በመጨረሻ ሰዓት ጌታን ተቀብሏል የሚል ምስክር ካለ በእነሱ መካነ መቃብር ቦታ እንደሚያገኝ ነገሩን። ሁሉም ደግ ነበሩ፤ ሁሉም አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ያለ ቃል የሚቀበለው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ባለቤት የሌለውን ሬሳ የሚያስቀብርበት ቦታ ብቻ ነበር። አንዱ የኮሚቴ አባል ወደ እኔ ዞሮ፣ «በአንተ ሰብሳቢነት የእድራችን ሰው ባለቤት እንደሌለው እዚያ ሊጣል ነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ አየኝ።

የእትዬ አስናቀች የንስሐ አባት መምሬ ኃይሉ ያን ሰሞን አገር ቤት ሄደው ነበር። ስልካቸው ነበረኝ። ደውዬ እውነቱን ነግሬ ይህ ሰው እንዲህ ነበር፣ ከሚስቱ ጋር መተኛት ይፈልጋል፣ ይፈቀዳል ወይ ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። አልደወልኩም። ጠይቄ እምቢ ቢሉኝ ቃሌን ለመጠበቅ ጋሽ ይርዳውን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ መውሰድ ግድ ይሆንብኛል። ሰፈሩ ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ጋሽ ይርዳውን አያውቀውም። የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው ወይ አለኝ፤ ባለቤታቸው ነበሩ አልኩ። የንስሐ አባታቸውን ጠየቀኝ፤ የመምሬ ኃይሉን ስም ሰጠሁት።

«በመጨረሻ ንስሐ ገብተዋል?» አለኝ።

«ገብተዋል» አልኩ።

በእድሩ ማኅተም ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ለደሳለኝ ቦታውን ነገርኩት፤ ወጥቶ ለፈፈ። በዘጠኝ ሰዓት ፍትሐት ተደርጎለት ሬሳው መቃብሩ አፍ ሲደርስ፣ በችኮላ ጠረጴዛዬ ላይ የጻፍኩትን የሕይወት ታሪክ አውጥቼ አነበብኩ። የት እንደተወለደ፣ የት እንደሠራ። ከዚያ «በሃይማኖታቸው የጸኑ፣ በመጨረሻም ንስሐ ገብተው ለፈጣሪያቸው የተዘጋጁ» የሚለውን አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ጀማል ከኋላ ቆሞ ነበር፤ መሬት መሬት ሲያይ አየሁት። ትዕግሥት መሬት አላየችም። እኔን አየችኝ፤ እስክጨርስ ድረስ። አፈር ሳይመለስበት ሕዝቡን ሰንጥቃ ወጣች።

ይህን ያደረግኩት ለጋሽ ይርዳው ብዬ ነው ለማለት ብዙ ሞክሬያለሁ። ከሚስቱ ጋር እንዲሆን ነው እላለሁ። አይደለም። አንደኛ ሰፈሩን ፈራሁ። ሁለተኛው ይብሳል። ያን አረፍተ ነገር ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። ስንት ዓመት የተከራከርኩትን ሰው አፉ ከተዘጋ በኋላ ረታሁት። በሕይወት ሳለ ሊያስገድዱት ያልቻሉትን፣ ካድሬዎቹ ገርፈው ያላወጡትን ቃል፣ እኔ ሬሳው ላይ አስቀመጥኩበት።

በአርባው መምሬ ኃይሉ ከጸሎቱ በኋላ ወደ ጎን ጠሩኝ። ደብዳቤዬ እጃቸው ላይ ነበር።

«ይርዳው ንስሐ ገብቷል ብለህ ፈርመሃል። ማን ተቀበለው?»

ማንም አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም። ያ ሰው ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ስንት ዓመት ነው አሉ፤ አንድ ቀን ወጥቼ ለምን አትገባም ብዬው፣ «መምሬ፣ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ብገባ ይወዱልኛል ወይ» አለኝ፣ አልወድልህም ብዬው ተመለስኩ አሉኝ። ይህን ጋሽ ይርዳው ነግሮኝ አያውቅም።

«ቢጠይቁኝ ኖሮ ይፈቅዱ ነበር?» አልኳቸው።

«አላውቅም» አሉ መምሬ። «ምናልባት እምቢ እል ነበር። ምናልባት አባቶችን እጠይቅልህ ነበር። ግን ጥያቄው የእኔ ነበር፤ አንተ ወሰድክብኝ። አርባ ቀን ሙሉ ስሙን ጠርተን ጸለይን፤ የጠራነው እሱን ይሁን አንተ የጻፍከውን ሰው አላውቅም።» ደብዳቤውን አጥፈው መለሱልኝና ንስሐዬን እንድገባ፣ ከዚያ በፊት ግን የዋሸሁበት ሰው ካለ ሄጄ እንድነግረው አዘዙኝ።

በሕይወት ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ቃል ስገባ የሰማ።

ትዕግሥት ከቀብሩ በኋላ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ክፍል ተከራይታ ወጥታለች። አልተጣላችኝም። ይልቅ ትሕትናዋ ጨመረ። በየበዓሉ ትመጣለች፣ ጤንነቴን ትጠይቃለች፣ የምላትን ሁሉ እሺ ትላለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በታክሲ ሄጄ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ወንበሩን ጠርጋ አስቀመጠችኝ፤ ሻይ አፈላች። እኔ በሕይወቴ ለልጄ ይቅርታ ብዬ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚጀመርም አላውቅም ነበር።

«ዋሽቻለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ለእሱ ብዬ አይደለም። ለራሴ ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ስኳር ጨመረችልኝ፤ ስንት ማንኪያ እንደምወስድ አልረሳችም። የመጣሁበት ሌላ ነገር ነበረ፤ ከአፌ እስኪወጣ ግማሽ ብርጭቆ ጠጣሁ።

«ያኔ አንድ ነገር ጠይቀሽኝ መታሁሽ። ዛሬ እኔ ልጠይቅሽ። አልቆጣም፤ ምንም ብትይኝ አልቆጣም። አንቺ ምንድን ነው የምታምኚው?»

«ኦርቶዶክስ ነኝ» አለች። ያው የቤት ቁጥር የምትናገርበት ድምፅ።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

ብርጭቆዬን አየች፤ አለመጨረሴን አይታ ማንቆርቆሪያውን መልሳ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እውነቱን ለጋሼ ይርዳው ነግሬዋለሁ» አለችኝ። «አንተ እንደፈለግክ ጻፍ።»

ሻዩን ጨርሼ ተነሣሁ። ደረጃው ድረስ ሸኘችኝና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። አባቷን የምታከብር፣ የታረመች ልጅ ናት። እንዲህ አድርጌ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።